ፈረሰኛው ራሱ ላይ ምን ያድርግ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ሱቄ መጣ። መዳፉ ላይ 28 ሚሊ ሜትር የምታህል የፕላስቲክ ፈረሰኛ ይዟል። ከጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ላይ የአድዋን ጦርነት ሊጫወቱ ነው። «ጋሼ፣ ራሱ ላይ ምን ላድርግለት? ለሁሉም ጎፈር ይሁን?» አለኝ። ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ።

የዛሬ 30 ዓመት ገደማ እኔም እዚሁ ጅማ ከዋንዛ 12 ፈረሰኞች ጠርቤ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ለኤግዚቢሽን አዞኝ ነው። ፈረሶቹን ጅሬን ድረስ እየወጣሁ አጠናኋቸው። ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ ጋሻው አንድ አልቀረም። ራሳቸው ላይ ግን ለ12ቱም የአንበሳ ጎፈር ደፋሁባቸው። ያምራላ!

በኤግዚቢሽኑ ዕለት ከሰቃ የመጡ አንድ ሽማግሌ ፊታቸው ቆሙ። ብዙ ዝም ብለው አዩ። «ልጄ፣ እነዚህ ሁሉ አንበሳ ገዳይ ናቸው?» አሉኝ። አባታቸው ፈረሰኛ ነበሩ። ጎፈር የሚያደርገው ጀግንነቱ ታይቶ የተሸለመ ሰው ነው አሉኝ። «አባቴ ጨርቅ ጠምጥሞ ነው የሚጋልበው። ቋጠሮውም…» ብለው እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አነሱ። ልክ ያኔ አንድ ትልቅ እንግዳ ገባ። «አባባ፣ ለውበት ነው እኮ» ብዬ ወደ እንግዳው ሮጥኩ። ስመለስ ሄደዋል። በዓመቱ ሰቃ ወርጄ ባፈላልጋቸው አርፈዋል አሉኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ፈረሰኛ ከሩቅ የሚለየው ራሱ ላይ ባደረገው ነገር ነው። እንግሊዞች የቀላል ፈረሰኞቻቸውን ጸጉራም የራስ ቁር አውልቀው ሻኮ የሚባለውን ረጅም ቆብ ሊያደርጉ ሲነሱ፣ የጦር አዛዣቸው ዌሊንግተን ከሩቅ ከጠላቶቻችን ከፈረንሳዮቹ ጋር ያመሳስለናል ብሎ ተቃውሞ ነበር። አልሰሙትም። እንደ ፈረንጆቹ በ1812 ለወጡት። እንግዲህ እናንተ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ፈረሰኞች የምትሠሩ፣ በ1815ቱ የዋተርሉ ጦርነት ላይ ያንን ጸጉራም ቁር የደፋ የእንግሊዝ ፈረሰኛ ካሰለፋችሁ ተሳስታችኋል። አድዋም፣ የካቲት 23 ቀን 1888፣ ታርቡሽ የሚባለውን ቀይ ቆብ ያደረገው አስካሪው፣ ማለትም ጣሊያን ከአገሬው የመለመለው ወታደር ነው።

ስለ ቀለም አቀባብ አልመክራችሁም፤ ከእኔ ትበልጣላችሁ። ግን የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። ስልክ ላይ የመጣውን የመጀመሪያ ፎቶ ይዛችሁ ትነሳላችሁ። ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ ብዙ ጊዜ የክቱን ለብሶ የቆመ ነው፤ ጦር ሜዳ ላይ አይደለም።

እግሩ ላይ ብዙ አትድከሙ፣ ማንም አያየውም። ቆይ፣ እርካቡን ግን አደራ! የእኛ ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ነው፤ እርካብ ውስጥ የሚገባው አውራ ጣቱ ነው። ቦት ጫማ እንዳታጠልቁለት። ፈረስ እዚህ አገር ለጌታው ስም ይሰጥ ነበር። አባ ጅፋር ራሱ የፈረስ ስም ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። እንዲህ የተከበረን ጋላቢ በግምት አናልብሰው።

ለልጁ ጎፈሩን ለአለቃው ብቻ አድርገው፣ ሌሎቹን ጨርቅ ጠምጥምላቸው አልኩት። ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ «ቋጠሮው በቀኝ ነው በግራ?» አለኝ። ሽማግሌው እጃቸውን ሲያነሱ አይቻለሁ። የትኛው ጆሮ እንደሆነ አላየሁም። ቅዳሜ አብረን ሰቃ እንወርዳለን። ምናልባት ከልጆቻቸው አንዱ ያውቅ ይሆናል።