ዶርም ስትገቡ የትኛውን ዕቃ ትሰኩ?

ልጆቼ፣

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ቁጥር ሰፈሩ ሻንጣ በማዘጋጀት ይጠመዳል። እናት በሶ ታስፈጫለች። አክስት ከጅዳ ካውያ ትልካለች። ታላቅ ወንድም «ስቶቭ ሳትይዝ እንዳትሄድ» ይላል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ መስመር ስዘረጋና የተቃጠለ ሶኬት ስቀይር ነው። ስለ ትምህርታችሁ የሚመክራችሁ ሰው አይጠፋም። እኔ ስለምትሰኩት ዕቃ ላውራ።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ የደረሳችሁ ልጆች አስቀድማችሁ ደሴ ነው ወይስ ኮምቦልቻ የሚለውን አጣሩ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሌላ አየር ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ጥቅምትና ኅዳር ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ቀልድ አያውቅም። ከቆላ የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያምረው የክፍል ማሞቂያ ነው። አትግዙት። ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ዋት አይበሉም። ኮምቦልቻ ለደረሳችሁ ደግሞ ትንሽ የጠረጴዛ ፋን ብትይዙ አልከፋም። ከ50 ዋት ብዙም አትዘልም፣ ማንንም አታስቸግርም።

ዋት ያልኩት በምክንያት ነው፤ ዕቃው የሚበላው የኤሌክትሪክ ኃይል መለኪያ ነው። ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጣችሁ የተለጠፈበትን ጽሑፍ አንብቡ። የስልክ ቻርጀር 20 ዋት፣ የላፕቶፕ 65፣ የጥናት አምፖል 9 ይላል። እነዚህን ያለ ሐሳብ ሰኩ። ውሃ ማፍያው ግን 2,000፣ ስቶቩ 1,500፣ ካውያው ከ1,000 በላይ ይላል። የሚያሞቅ ዕቃ ሁሉ ሆዳም ነው። የዶርም ጣጣ የሚመጣው ከእነዚህ ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። የሶኬት መስመር ብዙ ጊዜ በ16 አምፔር ብሬከር ይጠበቃል፤ ብሬከር ከልኩ በላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት መስመሩን የሚቆርጥ ማብሪያ ነው፣ አምፔር ደግሞ በሽቦው የሚያልፈው መጠን። በ220 ቮልት ስታባዙት 3,520 ዋት ይሆናል። የእናንተ ውሃ ማፍያና የጓደኛችሁ ስቶቭ ብቻቸውን ሞሉት። ከዚያ ጎረቤት ክፍል አንዷ ካውያ ትሰካለች። መስመሩ የጋራ ከሆነ ብሬከሩ ይወርዳል። በማግስቱ ፈተና ያለበት ሁሉ በጨለማ ይራገማል።

ብሬከር መውረዱ እንኳን ደግ ነው። የሚያስፈራኝ ሳይወርድ ሲቀር ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ወፍራም ሽቦ ነው። ከገበያ በርካሽ የገዛችሁትን ዲቫይደር አይጠብቅም። የእነዚህ ዲቫይደሮች ገመድ የሽቦ ውፍረት ብዙ ጊዜ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ ከ6 አምፔር በላይ አይችልም። ይህ ማለት 1,300 ዋት ገደማ ነው። 2,000 ዋት ውሃ ማፍያ ስትሰኩበት 9 አምፔር ያልፍበታል። ብሬከሩ 9 አምፔርን ከምንም አይቆጥረውም። ገመዱ ግን ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ አንድ ቀን ሁለቱ ሽቦዎች ይገናኛሉ። ያ ገመድ ደግሞ የት ነው ያለው? አልጋ ስር፣ ስፖንጅ ፍራሹ አጠገብ። ስፖንጅ ሲቃጠል ከእሳቱ በፊት ጭሱ ይገድላል።

ስለዚህ በዲቫይደር አትሰስቱ። ደሴ ፒያሳ ባሉት ሱቆች ስትገዙ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ያለውን ጠይቁ። ባለሱቁ ካላወቀ ገመዱ ላይ ተጽፏል፤ አንብቡ። ስፒናው ሶኬቱ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ የሚቀመጥ ከሆነ ተዉት፤ የላላ ነገር ይሞቃል። ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር አትሰኩ። ገመዱን ጠቅልላችሁ አታስሩት። ከተሰካ ከሩብ ሰዓት በኋላ በእጃችሁ ዳስሱት፤ ከሞቀ ንቀሉ።

ከዓረብ አገር ስለሚመጣው ዕቃ ደግሞ ላንሳ፤ ወሎ ውስጥ ዘመድ ጅዳ ወይም ሪያድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ሳዑዲ ለረጅም ጊዜ በቤቶች 127 ቮልት ስትጠቀም ኖራለች። እንዲያ ተብሎ የተጻፈበትን አሮጌ ውሃ ማፍያ እኛ 220 ላይ ብትሰኩት ከተሠራበት ኃይል ሦስት እጥፍ ይወስዳል። ዶርም ውስጥ ወዲያው ይነዳል። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚሉት ቻርጀሮች ግን ችግር የለባቸውም። ስፒናው ሦስት ጠፍጣፋ እግር ከሆነ አዳፕተር ግዙ። ሽቦውን ልጦ ሶኬት ውስጥ በክብሪት እንጨት መወተፍ የምታውቁ አላችሁ፤ አይቻለሁ። አባታችሁ ቢሆን ያያችሁ በወጨፏችሁ ነበር።

ስቶቭ በአብዛኛው ዶርም ክልክል ነው። ክልክል ስለሆነ ይደበቃል፤ ስለተደበቀ ደግሞ ይበልጥ ያቃጥላል። ፕሮክተር፣ ማለትም የዶርም ተቆጣጣሪው፣ መጣ ሲባል የጋለ ስቶቭ አልጋ ስር ይገፋል። ደግሞስ ምን ልትሠሩበት ነው? ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ ማካሮኒው እስኪበስል ረጅም ሰዓት ሰክታችሁ ትቆማላችሁ። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ እሳት አይፈልጉም። እናቶቻችን ለመንገደኛ ስንቅ እነዚህን የመረጡት ያለ ነገር አይደለም። ቡናውን ደግሞ በር ላይ ከምታፈላው ሴት ጠጡ። ዶርም ውስጥ የሚፈላ ቡና በረካ ሳይደርስ ፕሮክተር ይደርሳል።

ባልዲ ውስጥ የሚነከረውን ሂተር በፍጹም አትያዙ። ገላ የሚታጠብ ሰው ሙቀቱን ለማየት እጁን ይነክራል። ሂተሩ ተሰንጥቆ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ውሃው ውስጥ ነው።

ካውያ ያስፈልጋል፤ ተጨማዶ ክፍል መግባት ደስ አይልም። ግን ለስድስት ሰው ስድስት ካውያ ምን ይሠራል? ገብታችሁ ተዋወቁና አንድ በጋራ ግዙ። ይህን ዕቃ ግን ተጠንቀቁት። አንድ ልጅ ሸሚዙን እየተኮሰ መብራት ይጠፋል። ካውያውን ጨርቁ ላይ እንዳለ ትቶ፣ በር ቆልፎ ክላስ ይሄዳል። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት ይመጣል። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ከመተኮሻ ጨርቅ ተነስቶ አልጋ ላይ የወጣ እሳት ሲነሣ ከጀርባው ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ አለ። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምትነኩት ስፒናውን ይሁን፣ ስልካችሁን ሳይሆን። ለላፕቶፕም ያው ነው፤ መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ሊዘል ስለሚችል እስኪረጋ ትንሽ ቆዩ።

ውሃ ማፍያ የሚፈቀድበት ዶርም ከሆነ ለክፍሉ አንድ፣ ሲፈላ ራሱ የሚጠፋ፣ ግድግዳው ላይ በቀጥታ የሚሰካ። አንድ ጊዜ አፍልታችሁ ፔርሙዝ ውስጥ ገልብጡት፤ ማታውን ያደርሳችኋል። ከዚህ ሌላ ፓወር ባንክ ያዙ። ባለ 10,000 ሚሊአምፔር-ሰዓቱ (mAh) አንድ ስልክ ከአንድ ጊዜ ትንሽ በላይ ይሞላል፤ «አምስቴ ይሞላል» ያላችሁን ነጋዴ ሳቁበት። ስትሞሉት ትራስ ስር አታድርጉት።

አብሽሩ፤ ይህን ሁሉ ያወራሁት እንድትፈሩ አይደለም። ምናልባት የመቃጠል ሽታ ከሸተታችሁ ውሃ አትድፉ። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። ዶርም የገባችሁ ቀን የብሬከሩ ሳጥን የት እንዳለ ፕሮክተሩን ጠይቁ፤ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚያድርም ጭምር።