የመርፌ ውኃ በፍሪጅ ውስጥ በረዶ ሲሠራ

ከኮምቦልቻ የጻፉልኝ አንዲት የክሊኒክ ነርስ፣ የመድኃኒት ፍሪጃቸው ወደ ኋላው ግድግዳ የተጠጉትን የመርፌ ውኃ (የመርፌ መድኃኒት የሚበጠበጥበት ውኃ) ብልቃጦች በረዶ እንዳደረገባቸው፣ ከታች ውኃ እንደሚያቁር፣ የብልቃጦቹ ወረቀት እየረጠበ እንደሚላቀቅ፣ ሞተሩም ቀንና ሌሊት እንደማያርፍ ገልጸዋል። ቴርሞስታቱ የተቀየረው ከሁለት ወር በፊት ነው። በረዶው ከሟሟ በኋላ ውኃውን መጠቀም ይቻል እንደሆነም ጠይቀዋል።

የተከበሩ እህታችን፣ ከጥገናው በፊት ስለ ብልቃጦቹ ልናገር። በረዶ የሆነውን ሁሉ፣ ስንጥቅ ባይታይበትም፣ ያስወግዱ። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ብርጭቆውን ዐይን በማያየው ቀጭን መስመር ሊሰነጥቀው፣ ወይም የጎማ ክዳኑን ገፋ አድርጎ በሚሟሟበት ጊዜ የውጭውን አየር ወደ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ውኃው ንጹሕ ስለ መሆኑ ዋስትና የለም። በዚያው ፍሪጅ ውስጥ በረዶ የነካው ኢንሱሊን ካለም አብሮ ይወገድ።

ከበረዶው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ግን የተላቀቀው ወረቀት ነው። የመርፌ ውኃ ሁለት ዓይነት ነው፤ ባክቴሪዮስታቲክ ውኃ (ተህዋስያን እንዳይራቡ የሚገታው) 0.9 በመቶ ቤንዚል አልኮሆል የተባለ መከላከያ አለበት፤ ተራው ስቴራይል (ከተህዋስያን የጸዳ) ውኃ ምንም መከላከያ የለበትም፤ ሁለቱም ጥርት ያሉ በመሆናቸው በዐይን አይለዩም። በአሜሪካ 16 ጨቅላ ሕፃናት የሞቱት ካቴተራቸው (በደም ሥር የሚገባው ቀጭን ቱቦ) ይታጠብበት በነበረው ፈሳሽ ውስጥ ከነበረው ከዚሁ ቤንዚል አልኮሆል ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሆነ በ1982 እ.ኤ.አ. ተዘግቧል። ስለዚህ ወረቀቱ የወለቀ ብልቃጥ በግምት አይከፈትም፤ ይጣላል።

ወደ ፍሪጁ ስመለስ፣ ምልክቶቹን አንብቤ የጠረጠርኩት ቴርሞስታቱን ሳይሆን የተገጠመበትን መንገድ ነው። ከቴርሞስታቱ የሚወጣው ቀጭን የመዳብ ቱቦ በውስጡ ጥቂት ጋዝ ታሽጎበታል። ቱቦው ሲቀዘቅዝ የጋዙ ግፊት ይቀንስና በቴርሞስታቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ከረጢት ትሰበሰባለች፤ በመሰብሰቧም የኤሌክትሪኩን መገናኛ ትለያለች፤ ሞተሩ የሚያርፈው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚሠራው የቱቦው የመጨረሻ አንድ ስንዝር ያህል ከማቀዝቀዣው ሳህን (ቅዝቃዜውን ከሚሰጠው የብረት ገጽ) ጋር ተጣብቆ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ከሳህኑ ተላቆ በአየር ላይ ከተንጠለጠለ የሚያነበው የሳህኑን ሳይሆን የአየሩን ሙቀት ስለሆነ፣ ሳህኑ ከዜሮ በታች ወርዶ ብልቃጦቹን በረዶ እያደረገ ሳለ ቴርሞስታቱ «ገና አልቀዘቀዘም» እንደ ማለት ሞተሩን ያስኬደዋል። ማዞሪያውን ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ቢመልሱትም ሞተሩ ላያርፍ የሚችለው ለዚህ ነው። እኔ በደሴ ከከፈትኳቸው ፍሪጆች ብዙዎቹ ላይ ቱቦው በክላምፕ (አጥብቆ በሚይዝ ማሰሪያ) ፋንታ በናስትሮ ታስሮ አግኝቼዋለሁ። ናስትሮ በቅዝቃዜና በእርጥበት ሙጫው ይለቃል፤ ሥራው ያለቀ መስሎ ባለቤቱ ይከፍላል፣ ከሳምንታት በኋላ ችግሩ ይመለሳል። በገበያው ያሉት ርካሽ ቴርሞስታቶች ደግሞ ቱቧቸው አጭር ስለሆነ ሳህኑ ጋር በቅጡ አይደርሱም፤ በእኔ እምነት እንዲህ ያለው ዕቃ መድኃኒት በሚቀመጥበት ፍሪጅ ላይ መግባት የለበትም።

ስፒናውን ነቅለው፣ በረዶውን በቢላ ሳይፍቁ ራሱ እንዲሟሟ ይተዉት። ከዚያ የቴርሞስታቱን ሽፋን በካቻቢቴ ፈትተው ቱቦው እስከ የት እንደሚደርስ ይከተሉ። ከተንጠለጠለ ሳያጥፉ በጥንቃቄ ወደ ሳህኑ መልሰው በብረት ክላምፕ ያጥብቁት፤ ታጥፎ ከተዘጋ ወይም ተሰብሮ ጋዙ ካለቀ አይጠገንም፣ ሌላ መግዛት ግድ ነው። የበሩን ጎማ ለመፈተሽ የብር ኖት በመካከሉ አድርገው ይዝጉና ይጎትቱ፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ እርጥብ አየር የሚገባው በዚያ በኩል ነው። የደረቀ ጎማ በሙቅ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ሲታሽ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ከኋላ ያለችውን የውኃ መውረጃ ቀዳዳም ይመልከቱ፤ የተላቀቁት ወረቀቶች ደፍነዋት ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ፍሪጁ ቢጠገንም እንኳ የመርፌ ውኃው ወደዚያ እንዲመለስ አልመክርም። ሁለቱም ዓይነቶች የሚቀመጡት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ወደ 15 ዝቅ ወይም ወደ 30 ከፍ የሚል አጭር መዋዠቅ ይፈቀዳል። ከሐረጎ በላይ ደሴ ላይ ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ ኮምቦልቻ ግን ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ከዚህ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ፀሐይ የማይነካው ክፍል መርጠው፣ ከወለሉ ከፍ ያለ ደረቅ ቁምሳጥን ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ያስቀምጡ። ተራው ስቴራይል ውኃ ከተከፈተ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የተረፈው ይደፋል። ባክቴሪዮስታቲኩ የተከፈተበት ቀን ይጻፍበት፤ አምራቹ የተለየ ቀን ካልጻፈ ከ28 ቀን በላይ አይቆይም። ቤንዚል አልኮሆሉ ተህዋስያን እንዳይራቡ ይገታል እንጂ ሁሉንም አይገድልምና መርፌ በክዳኑ ላይ ተሰክቶ አይተው። ሁለቱን በተለያየ መደርደሪያ ይለዩ፤ ባክቴሪዮስታቲኩ ከሕፃናት ክፍል ጭራሽ ይራቅ። ደግሜ እላለሁ፣ ወረቀት የሌለው ብልቃጥ በእጅዎ ከገባ ይጣል።

ከጥገናው በኋላ ፍሪጁን ያለ መድኃኒት ለ24 ሰዓት ያስኪዱት፤ ቴርሞሜትሩን በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነክረው መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ያድርጉ፣ ጠዋትና ማታም ያንብቡ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል ከቆየና ሞተሩም በየጊዜው ማረፍ ከጀመረ አዲሱን ኢንሱሊን ከኋላው ግድግዳ አራት ጣት አርቀው መመለስ ይችላሉ። ከ2 በታች ከወረደ ቱቦው አሁንም ሳህኑን በደንብ አልነካ ይሆናልና ክላምፑን ይፍቱት፣ ቦታውን አስተካክለው እንደገና ያጥብቁት።