ሮክን በጆሮህ ብቻ አትጀምረው

«የሮክ ዘፈኖችን በስልኬ አንድ አንድ እያልሁ እሰማለሁ፤ ሙሉ አልበም ግን ጨርሼ አላውቅም። ከየትኛው ልጀምር? ኩዊን ስለተባለው የሮክ ባንድ የተሠራውን ፊልምስ ባየው ይጠቅመኛል?» ብለህ ለጠየቅኸው ወንድማችን፦ መልሴ ይረዝማልና ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

እኔ ከአልበም በፊት ኮንሰርት የተቀረጸበት ፊልም እንድታይ እመክርሃለሁ። እኛ ያደግነው ድምፃዊውንና ግጥሙን እየተከተልን ነው። ቤዝ ጊታሩ ምን እንደሚሠራ ሳንጠይቅ አንድን ዘፈን ዕድሜ ልካችንን ልንወደው እንችላለን። ሮክ ሲመጣ ግን ግጥሙ በፈጣን እንግሊዝኛ ያመልጠናል፤ የሚቀረን ድምፅ በድምፅ ላይ ተደራርቦ ጩኸት ይሆንብናል። ማን ምን እንደሚጫወት በዓይን ሲታይ ነው ጩኸቱ ተፈልቅቆ ዜማ የሚሆነው።

ለዚህ «ስቶፕ ሜኪንግ ሴንስ»ን የሚያክል አላገኘሁም። ጆናታን ዴሚ የቶኪንግ ሄድስን ኮንሰርት በ1983 ታኅሣሥ ሆሊውድ ውስጥ ቀርጾ በ1984 ያወጣው ፊልም ነው። መድረኩ ባዶ ነው። የባንዱ ድምፃዊ ዴቪድ ባይርን አንድ ጊታርና አንድ የካሴት ማጫወቻ ይዞ ብቻውን ይገባል። በሁለተኛው ዘፈን ቤዝ ጊታር ተጫዋቿ ትቀላቀለዋለች፤ በሦስተኛው ከበሮ መቺው፤ እንዲህ እያለ መድረኩ ይሞላል። ዴሚ እስከ መጨረሻው አካባቢ ድረስ የአዳራሹን ተመልካች አያሳይም፤ ካሜራው ከተጫዋቾቹ አይነቀልም። ሮክን «የብረታ ብረት ድብደባ» እያለ የሚያሾፍብኝ የአጎቴ ልጅ አብሮኝ አይቶት ሲያበቃ የጠየቀኝ የቤዝ ተጫዋቿን ስም ነበር። ወዲያው ከዚያ በኋላ የባንዱን የ1980 አልበም «ሪሜይን ኢን ላይት»ን ስማ። ከፕሮዲውሰሩ ከብሪያን ኢኖ ጋር የሠሩት ነው፤ የናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ የፌላ ኩቲ አሻራ በግልጽ ይታይበታል። አንድ ምት እየተደጋገመ በላዩ ሌላው ሲታከልበት የእኛ ጆሮ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም።

ወደ ሙሉ አልበም ስትገባ ምርጫዬ ብዙ ሰው የሚመርጠው ነው፤ ብዙ ሰው ስለመረጠው ብቻ የሚጠላ ዓይነት ሰው አይደለሁም። የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን»፣ 1973። ጠቅላላው 43 ደቂቃ ገደማ ነው። በልብ ምት ይከፈታል፣ በልብ ምት ይዘጋል፤ ዘፈኖቹም አብዛኞቹ ሳይቋረጡ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ስለዚህ ስልክህ ዘፈኖቹን የሚያዘበራርቅበትን ምርጫ አጥፋው፤ ማስታወቂያ የሚያስገባ ከሆነም ሌላ መንገድ ፈልግ። በሸክላው የመጀመሪያ ገጽ መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ያለ አንድ ቃል የምታንጎራጉርበት፣ የምታለቅስበት፣ የምትጮኽበት ክፍል አለ። ክሌር ቶሪ ትባላለች። ለንደን ወደሚገኘው አቢ ሮድ ስቱዲዮ ተጠርታ፣ ቃል ሳትጠቀም እንድትዘፍን ተነግሯት፣ 30 ፓውንድ ተከፍሏት የሄደች ድምፃዊት ናት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ሄዳ በ2005 ነገሩ በስምምነት አልቆ ስሟ ከዜማው ደራሲ ጎን ተጻፈ። ይህንን ካወቅሁ ወዲህ ያንን ክፍል ሌላ ሥራ እየሠራሁ መስማት አልችልም።

ብዙዎች ከዚያ ቀጥለው ወደዚሁ ባንድ ሌላ አልበም፣ ወደ «ዘ ዎል» ይልኩሃል። እኔ ቆይ እልሃለሁ። በ1979 የወጣ የሁለት ሸክላ አልበም ነው፤ መነሻውም የባንዱ አባል ሮጀር ዋተርስ በ1977 ሞንትሪያል ውስጥ መድረክ ላይ ሆኖ በተመልካች ፊት ላይ መትፋቱና በራሱ መደንገጡ ነው። አላን ፓርከር በ1982 ፊልም አደረገው። በጄራልድ ስካርፍ እጅ የተሣሉት ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች ግሩም ናቸው፤ የቀረው፣ በተለይ ከእኩሌታው በኋላ፣ እኔን ያደክመኛል። አንድ ሰው በራሱ ቁስል ውስጥ ሲዞር ያን ያህል መከተል ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚገርመው ግን ዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ ከዓለም ራሱን በግንብ ያጠረውን ሮከር፣ የተጫወተው ቦብ ጌልዶፍ መሆኑ ነው። ይኸው ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ጋዜጠኞቹ ማይክል በርክና ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡትን የረሀብ ዘገባ በቴሌቪዥን አይቶ መጀመሪያ ባንድ ኤይድ የተባለውን የዘፋኞች ስብስብ፣ ቀጥሎም ሐምሌ 13 ቀን 1985 ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለውን ኮንሰርት አሰባሰበ። በነገራችን ላይ ባንድ ኤይድ ክርስትናን በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለተቀበለ አገር «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» ብሎ መዝፈኑ እስከ ዛሬ ያስቀኛል፤ የተሰበሰበው ገንዘብ እህል መግዛቱን ሳልዘነጋ ነው የምስቀው።

ወደ ኩዊን ፊልም የሚወስደን ይህ ኮንሰርት ነው። «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» (2018) መጨረሻው ላይ የላይቭ ኤይድን የለንደን መድረክ፣ የዌምብሊ ስታዲየሙን፣ ዳግም ሠርቶታል፤ ያ ክፍል ጥሩ ነው፣ ራሚ ማሌክም ኦስካሩን በከንቱ አልወሰደም። ታሪኩን ግን አትመን። ባንዱ ተበታትኖ ለዚያ ቀን እንደ ገና እንደ ተሰበሰበ ያስመስላል፤ እነርሱ ግን በ1984 አልበም አውጥተው እስከ 1985 ግንቦት ድረስ እየዞሩ ሲጫወቱ ነበር። ዌምብሊ ላይ ያን ያህል የተሳካላቸውም ተለማምደው ስለገቡ ነው። የባንዱ ድምፃዊ ፍሬዲ ሜርኩሪ ሕመሙን ከላይቭ ኤይድ በፊት ለጓደኞቹ ሲነግር የሚታየውም ለእንባ ሲባል የተደረገ ነው፤ መታመሙን ያወቀው ከዚያ በኋላ መሆኑን የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ይናገራሉ። ስለዚህ እውነተኛውን ቅጂ ፈልገህ እይ፤ ሃያ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ሰውየው ብቻውን ሕዝቡን በድምፁ ሲያስተጋባ የምታየው ነገር ትወና አያስፈልገውም። ጊዜ ካለህ በዚያው ቀን ዴቪድ ቦዊ የተመደበለትን አንድ ዘፈን ሠውቶ የረሀቡ ምስል እንዲታይ ያደረገበትን ጨምረህ እይ፤ እኛ የምናየው ግን ሌላው ዓለም በሚያየው ዓይን አይሆንም። ከኩዊን አልበሞች ሁሉም «አ ናይት አት ዘ ኦፔራ» ይልሃል፤ እኔ ከእርሱ በፊት በ1974 የወጣውን «ሺር ሃርት አታክ»ን እመርጣለሁ፤ ያን ያህል አልተኩነሰነሰም።

ሌሎቹን በአጭሩ። የሌድ ዜፐሊንን አራተኛ አልበም (1971) ለመጨረሻው ዘፈን ከበሮ ስትል ስማው፤ ጆን ቦናምን የአንድ አሮጌ ቤት ደረጃ ሥር አስቀምጠው ማይክሮፎኖቹን ከላይ ሰቅለው ነው የቀዱት። ከኒርቫና በ1993 ኒው ዮርክ ላይ በቀስታ የተጫወቱትን ኮንሰርት ከአልበማቸው ከ«ኔቨርማይንድ» አስቀድመው፤ እርሱም በምስል አለ።

አሁን ማንም የማይነግርህን ልንገርህ። የእኛ ጆሮ ወደ ሮክ የሚሻገርበት አጭሩ መንገድ ጌታቸው መኩሪያ ነው። ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተው ጌታቸው በ2004 ዘ ኤክስ የተባለው የኔዘርላንድ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ተጋብዞ ሄደ፤ ከዚያም «አጅቡኝ» ያላቸው እርሱ ራሱ ነው። ፐንክ ከተባለው ሻካራ ሮክ የተወለዱት ጊታሮች ሲፋጩ የእርሱ ሳክስፎን ሲፎክር በ2006 በወጣው «ሞአ አንበሳ» ላይ ትሰማለህ። ዜማውን ታውቀዋለህና ጊታሩ ምን እያደረገ እንደሆነ ለመስማት ነፃ ትሆናለህ። ቀጥሎ በ2012 የወጣው የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» አለ፤ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው ፕሮዲውስ ያደረገው። ጊታሩ አንዳንዴ ድምፃውያኑን ይጫናቸዋል፤ ቢሆንም በአማርኛ ሮክ የሚሆን መስሎ ለማይታየው ሰው የማስደምጠው እርሱን ነው።

ሄቪ ሜታልን ሆን ብዬ አልነካሁም። ከመካከላችን ከእኔ አብልጠው የሚያውቁት ስላሉ ለእነርሱ ትቼዋለሁ።