የአያትዎ አባት ጣሊያናዊ ወታደር ከነበረ

የሴት አያትዎ አባት ጣሊያናዊ ወታደር ነበር እንደተባላችሁ፣ የእሱ ነው የተባለ ፎቶም እንዳላችሁ ገልጸው እንዴት እንደሚያረጋግጡ ጠይቀዋል። ለዲኤንኤ (የዘር) ምርመራ ምራቁን የሚሰጡት እርስዎ ሳይሆኑ አያትዎ ይሁኑ። የተነገራችሁ እውነት ከሆነ የእሳቸው ዲኤንኤ ግማሽ ያህሉ አውሮፓዊ ይሆናል፤ እርስዎ ጋ ሲደርስ ግን በአማካይ 12.5 በመቶ ብቻ ይቀራል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን የዋይ ክሮሞሶም ምርመራ አይግዙ፤ ሴት ልጅ ከአባቷ አትወርሰውም።

ፎቶውን ደግሞ ከፍሬሙ አውጥተው ጀርባውን ይዩ። «1930» ብቻ ተጽፎ አገኘሁ ብለዋል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ልክ የወረራው ዘመን ላይ ይወድቃል፤ በፈረንጆች ከሆነ ግን ጣሊያን ገና አልገባም፣ ፎቶውም እዚህ የተነሣ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የጽሑፉን ቋንቋና የፎቶ ቤቱን ማኅተም ይመርምሩ። ኮሌታውንም በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ፦ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ካለ የመደበኛው ጦር፣ መጥረቢያ የታሰረበት የበትር ነዶ ካለ የጥቁር ሸሚዝ ሚሊሻ ነው።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ዲኤንኤ የአባትየውን ዘር እንጂ የፎቶውን ሰው ማንነት አይናገርም። እኛ ቤት «ቅድመ አያታችን» እያልን ለዓመታት ግድግዳ ላይ የሰቀልነው መኮንን የእውነተኛው ቅድመ አያታችን ጓደኛ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያወቅነው በዲኤንኤ የተገጣጠመን ጣሊያን ያለ ዘመድ ያንኑ ፎቶ፣ ከጀርባው ሌላ ስም ተጽፎበት፣ ሲልክልን ነው። እናቴ እስካሁን ከግድግዳው አላወረደችውም።