ጠጉራቸው ቆሟል

ባለፈው ሳምንት አንዲት የፋርማሲ ተማሪ «ጋሼ፣ ወይባ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም አይደል?» ብላ ጻፈችልኝ። ሁለት መስመር መልስ ይበቃት ነበር። እኔን ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደሷ ተማሪ ሳለሁ፣ የመመረቂያ ሥራዬ የወይባ እንጨት ነበር። ከመርካቶ ገዝቼ አስፈጨሁት። ዱቄቱን ሜታኖል በሚባል አልኮል ውስጥ ሦስት ቀን ዘፈዘፍኩ፣ አጣራሁ፣ ሜታኖሉን አተነንኩ። የቀረኝ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ቡናማ ነገር ነው። ክፍሉ የእናቴን ጓዳ ሸተተ።

ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ላይ ጠብ አደረግኩት። በማግስቱ ዙሪያው ባክቴሪያ የሌለበት ጥርት ያለ ክብ ሆኖ አገኘሁት። ጮቤ ረገጥኩ። በረኪናም እንዲህ ያለ ክብ እንደሚሠራ ማን ያስታውሰኝ!

ቀጥሎ መርዛማነቱን በአይጥ መፈተን። በአፍ የሚሰጣቸው መጠን በኪሎ ክብደት 2000 ሚሊግራም ነው፤ 25 ግራም ለምትመዝን አይጥ 50 ሚሊግራም ማለት ነው። ደንቡ 14 ቀን ተከታተል ይላል። በመጀመሪያው ቀን አንድም አልሞተም። በሦስተኛውም።

በአምስተኛው ቀን የአይጦቹ ጠባቂ ጠሩኝ። ጡረታቸው የተቃረበ ሽማግሌ ናቸው፤ አይጦቹን «ልጆቼ» ነው የሚሏቸው። «እነዚህ ሁለቱ ደህና አይደሉም። ጠጉራቸው ቆሟል» አሉኝ። አየሁ። ጥግ ይዘው ተኮራምተዋል። ጠጉራቸው ብርድ እንደመታው ጫጩት ተነፋፍቷል። ምግቡ አልተነካም።

«አልሞቱም እኮ፣ አባባ» አልኩ።

የማስረከቢያው ቀን ደርሶብኝ ነበር። ያ ክብም አሳውሮኛል። «ሞት» ከሚለው ሥር ዜሮ ጽፌ ወጣሁ። የቀሩትን ቀናት ተመልሼ አላየሁም። ጉበታቸውን አልመረመርኩም። መድኃኒቱ የተሟሟበት ፈሳሽ ብቻ የተሰጣቸው ማነጻጸሪያ አይጦችም አልነበሩኝም፤ ስለዚህ ያመማቸው እንጨቱ ይሁን ፈሳሹ መለየት አይቻልም። ሥራው ጥሩ ውጤት አገኘ።

ኮሶም እኮ ተፈጥሮ ነው፤ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል። እናቴ ስታጠጣን በመዳፏ ነበር የምትለካው። ደግነቱ እጇ ትንሽ ነበር።

የዛሬ ልጆች ኮምፒውተር ላይ ሞለኪውልና ፕሮቲን ስታጋጥሙ ትውላላችሁ። አይጥ ቤት ይሸታችኋል። ግን እኔስ ገብቼ መቼ አየሁ?

ደግሞ የሞከርኩት በሜታኖል የወጣውን ነው። ሴቶቻችን ወይባን አይጠጡትም። ጉድጓዱ ላይ ተቀምጠው፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ተከናንበው ጢሱን ይሞቁታል። የእንጨት ጢስ ደግሞ፣ የየትኛውም እንጨት ይሁን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አለው። በአይጥ ሆድ የተለካ ነገር ስለ ጢስ ምን ይናገራል? ይህን ሁሉ እያወቅኩ ባለቤቴ ትሞቃለች። አልከለከልኳትም። ሽታውን እወደዋለሁ።

ለልጅቷ «እርጉዝ ከሆንሽ ተይው። ካልሆንሽም በሩን ገርበብ አድርጊ» ብዬ ጻፍኩላት።

«እሺ ጋሼ፤ ግን የሞተ ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ።