ሾክ ብቻውን አይቀየርም

የመኪናን መወዛወዝ ስለሚያበርደው የፊት ሾክ አብዞርበር (ሾክ) ከአንባቢያን የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ እትም በአንድ ላይ አቅርበናል። ሁሉም የሚመለከቱት ሾኩ በሞላው መሀል የሚያልፍባቸውን፣ ላይኛው ጫፉ ኮፈን ሥር የሚታሰርባቸውን መኪኖች ነው።

ጥያቄ፦ መኪናዬ አርጅታለች። ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ ይደፋል፤ ኮሮኮንች ላይ በግራ በኩል ታንኳኳለች። መካኒኩ ፓራፋንጎውን ተጭኖ ለቀቀና «ሾኩ ደህና ነው» አለኝ። ልቀበለው?

በእጅ ተጭኖ መልቀቅ የሚያጋልጠው ጨርሶ የሞተ ሾክን ብቻ ነው። እጅ መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው በዝግታ ነው፤ መንገድ ላይ ግን ጎማው በሰከንድ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ሊርገበገብ ይችላል። ግማሽ አቅሙን ያጣ ሾክ ይህን ፈተና ያለችግር ያልፋል።

ይልቅ መሪውን እስከ ጥግ ያዙሩና ሾኩን በባትሪ ይመልከቱት። አቧራ የያዘ ስስ ወዝ ቢያዩ አይደንግጡ፤ ከሾኩ የሚወጣው ዘንግ በገባና በወጣ ቁጥር ጥቂት ዘይት ይዞ መውጣቱ የተለመደ ነው። ዘይቱ ወርዶ የሾኩን አካል እስከ ታች ካራሰው ግን ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ አልቋል። ቀጥሎ መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ ዙሪያውን ያሳልፉ። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ያለ ቦታ ካገኙ፣ የጎማው ባላንስ (የክብደት ሚዛኑ) ደህና ከሆነ፣ ጎማው አስፋልቱን እየለቀቀ ተመልሶ ሲመታ ቆይቷል ማለት ነው።

ማንኳኳቱን ግን ወዲያው በሾኩ አያሳብቡ። ትንንሽ ጉድጓዶች ላይ ቶሎ ቶሎ የሚሰማ ቀጭን ኳኳታ ብዙውን ጊዜ የስታቢላይዘር ሊንክ ነው፤ ይህም መኪናው መታጠፊያ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘውን ዘንግ (ስታቢላይዘሩን) የሚያገናኘው አጭር ዘንግ ነው። የሾኩ ላይኛው ጫፍ ከቦዲው ጋር የሚታሰርበትን የላይኛውን መቀመጫ ለመፈተሽ ደግሞ መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ ያወዛውዝልዎት፤ እርስዎ ኮፈኑን ከፍተው መዳፍዎን መቀመጫው ላይ ያሳርፉ። ሞላው ተጠምዝዞ ቆይቶ ድንገት «ድም» ብሎ ሲፈናጠር ከተሰማዎት ውስጥ ያለው ኩሽኔታ አልዞርም ብሎ ይዟል።

ጥያቄ፦ የሚያፈሰው የግራው ብቻ ነው። አንዱን ብቻ ብቀይር ምን አለበት?

ሁለቱንም ይቀይሩ። አዲሱ ሾክ ሞላውን አጥብቆ ሲይዝ አሮጌው ስለሚለቀው፣ በድንገት ፍሬን ሲይዙ ወይም መታጠፊያ ላይ ጉድጓድ ሲያገኙ የመኪናው ሁለት ጎን እኩል አይታዘዝም። የኋላዎቹ ደህና ከሆኑ ባሉበት ሊቆዩ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ራሴ ልቀይረው ነው። ምን ልግዛ? ሥራውንስ በምን ቅደም ተከተል ልሥራ?

ለሁለቱ የፊት ጎማዎች የሚያስፈልግዎት ሁለት ሾክ፣ ሁለት የላይ መቀመጫ ከነኩሽኔታው፣ ሁለት የዘንግ አቧራ መከላከያ ሽፋን፣ ሾኩ እስከ ጥግ ሲጨመቅ ምቱን የሚያበርዱ ሁለት የላስቲክ ቁራጮችና አዳዲስ ራስ ቆላፊ ዳዶዎች ናቸው። ብዙ ሰው ሾኩን ብቻ ገዝቶ የቀረውን ከአሮጌው ያሸጋግራል። በእኛ እምነት ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሽፋኑ የተቀደደ ከሆነ አሸዋ ዘንጉን ይጭረዋል፤ የተጫረ ዘንግ ደግሞ አዲሱን ጎሚኒ በልቶ ዘይት ያስወጣል። መቀመጫው ካለቀም ሙሉ ሥራውን እንደገና መፍታት ሊኖርብዎ ነው። ሾክ በግራና በቀኝ ስለሚለያይ የፍሬን ቱቦው መያዣ በየትኛው ጎን እንዳለ ሳይገዙ በፊት አይተው ያረጋግጡ።

ከሥራው አንድ ቀን በፊት ቡሎኖቹን በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ዝገት ማላቀቂያ ይርጩባቸው። በማግስቱ መኪናውን ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ይደግፉ። የፊት ጎማዎቹን ዳዶ መኪናው ሳይነሣ ያላሉ። ከዚያ በክሪክ አንሥተው ሁለቱንም ጎን ካባሌቶ (የብረት መቆሚያ) ላይ ያሳርፉ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር እጅዎን እንኳ አያስገቡ።

ጎማውን ካወጡ በኋላ የፍሬን ቱቦውንና ካለም የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሽቦውን ከሾኩ ያላቅቁ። ቱቦውን ራሱን አይፈቱም፤ መያዣውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፍሬኑን አየር ማስወጣት አያስፈልግም። የስታቢላይዘር ሊንኩን ሲፈቱ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከመሬት የተነሡ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ከተነሣ ስታቢላይዘሩ እንደተጠመዘዘ ስለሚቀር ቡሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ተነክሶ አይወጣም። የሊንኩን ዳዶ ሲፈቱ ቡሎኑ አብሮ ከዞረ ጫፉ ላይ ባለው የቁልፍ ቀዳዳ ይያዙት።

ጎማ የሚታሰርበትን ብረት ከሾኩ ጋር የሚያያይዙት ሁለት ትልልቅ ቡሎኖች ናቸው። ከመፍታትዎ በፊት የቡሎኖቹን ራስ አቀማመጥ በቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ በአንዳንድ መኪኖች አንደኛው ቡሎን የጎማውን ዘመም የሚያስተካክል ስለሆነ በዘፈቀደ ቢመለስ ጎማው ጋደል ብሎ ይቀራል። በብዙ መኪኖች የቡሎኑ አንገት ጥርስ አለው። ስለዚህ ቡሎኑን ይዘው ዳዶውን ብቻ ያዙሩ፤ ዳዶው ከወጣ በኋላ ቡሎኑን በፕላስቲክ ወይም በነሐስ መዶሻ መታ መታ አድርገው ያስወጡት።

ይህን ከማድረግዎ በፊት ብራቾውን (ጎማውን ከታች የሚይዘውን ክንድ) በክሪክ ይደግፉት፤ ጎማ የሚታሰርበትንም ብረት በጠንካራ ሽቦ ከቦዲው ጋር አስረው ያቆዩት። ወደ ውጭ ተዘርግፎ ከወደቀ የፍሬን ቱቦው ይወጠራል፤ ጎማውን የሚያዞረው ሰሚያስም በማርሽ ሳጥኑ በኩል ካለው መገጣጠሚያው ሊነቀል ይችላል።

በመጨረሻ ኮፈን ሥር ያሉትን ዙሪያውን የተደረደሩ ዳዶዎች ይፍቱ፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ናቸው። የመጨረሻውን ሲፈቱ ሾኩን ከታች በሌላ እጅዎ ይያዙት። መሀል ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ ግን አይንኩት! ሞላውን ጨምቆ የያዘው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የሞላ መጭመቂያ ተውሻለሁ፤ መንጠቆ ያላቸው ሁለት ረጃጅም ቡሎኖች ናቸው። እንዴት ልጠቀምባቸው? ወይስ ሞላ የተገጠመለትን ሾክ ልግዛ?

ይህን ሥራ ሠርተው የማያውቁ ከሆነ ከነሞላውና ከነመቀመጫው ተገጣጥሞ የሚሸጠውን ይግዙ። ዋጋው ቢጨምርም መጭመቂያው ጨርሶ አያስፈልግዎትም። የተጨመቀ ሞላ በመቶዎች ኪሎ የሚቆጠር ኃይል ይዟል፤ ቢያመልጥ አጥንት ይሰብራል፣ ይገድላልም።

በመጭመቂያው የሚሠሩ ከሆነ መጀመሪያ ጥርሱን ይመርምሩ፤ የተበላ ወይም የተጣመመ ከሆነ አይጠቀሙበት። ጥርሱን ግሪስ ይቀቡ። ሁለቱን መጭመቂያዎች ፊት ለፊት፣ አንዱን ከሌላው በተቃራኒ ያስገቡ፤ በተቻለ መጠን ብዙ ጥቅል እንዲይዙ ያድርጉ። ከዚያ አንዱን ሁለት ዙር፣ ሌላውን ሁለት ዙር እያሉ ያጥብቁ። አንዱ ከሌላው ከቀደመ ሞላው ቀስት ሆኖ ይጎብጥና መንጠቆው ሊንሸራተት ይችላል። የኤሌክትሪክ ወይም የአየር መፍቻ አይጠቀሙ፤ በእጅ ብቻ ያዙሩት። በሚያጠብቁበት ጊዜ ፊትዎም ደረትዎም በሞላው ጫፍ አቅጣጫ አይሁን።

ማቆም ያለብዎ ሞላው መቀመጫው ላይ ተላቆ በእጅ መዞር ሲጀምር ነው። ጥቅሎቹ እስኪነካኩ ማጥበቅ አያስፈልግም። ያን ጊዜ ብቻ የመሀሉን ዳዶ ይፍቱ። ሲፈቱም ሆነ አዲሱን ሲያጠብቁ ዘንጉን የሚይዙት ጫፉ ላይ ባለው የቁልፍ ቦታ ነው፤ መስታወት የሚመስለውን የተወለወለ ብረት በፒንሳ መያዝ አዲሱን ሾክ ገና ሳይገጠም ማበላሸት ነው።

አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት ቀጥ አድርገው ያቁሙትና ዘንጉን እስከ ታች ተጭነው እስከ ላይ በመሳብ ሦስት አራት ጊዜ ይመላልሱት። ተጋድሞ ሲጓጓዝ ወደ ዘይቱ የገባው ጋዝ ወደ ቦታው የሚመለሰው በዚህ ነው። ሞላውን ሲያስገቡ የታችኛው ጫፉ መቀመጫው ላይ ያለውን ደረጃ በትክክል መንካት አለበት። የላይኛው መቀመጫ ላይ ቀስት ወይም ምልክት ካለ አሮጌው ሾክ ላይ ወደየት እንደሚያመለክት አይተው ያንኑ ይከተሉ። የመሀሉን ዳዶ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ካጠበቁ በኋላ መጭመቂያዎቹን አሁንም በየተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ያላሉ።

የማጥበቂያውን ልክ ከመኪናው መመሪያ ይውሰዱ። የታቹ ትልልቅ ቡሎኖች በብዙ መኪኖች ከ100 ኒውተን ሜትር በላይ ይፈልጋሉ፤ ኮፈን ሥር ያሉት ግን በጣም ትንሽ ነውና በጉልበት ቢጠብቁ ጥርሳቸው ይበላል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ በጣም አሮጌ ናት። የሾኩ ቱቦ ጎማ ከሚታሰርበት ብረት ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው፤ ቡሎን የለውም። አዲሱ ዕቃ ደግሞ ቀጭን ሲሊንደር ብቻ ነው።

ትክክለኛ ዕቃ ነው የያዙት። የቱቦውን አፍ የዘጋው ትልቅ ባለጥርስ ቀለበት ሲፈታ አሮጌው ውስጠ ዕቃ ዘይቱን ይዞ ይወጣል። ቱቦውን በደንብ አጽድተው አዲሱን ሲሊንደር ከማስገባትዎ በፊት ጥቂት የሞተር ዘይት ከታች ያፍሱ። ዘይቱ ከሲሊንደሩ ሙቀት ተቀብሎ ወደ ቱቦው ያስተላልፋል፤ አየር ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ሲሊንደሩ ሲገባ ዘይቱ ሽቅብ ስለሚወጣ አይብዛ፤ ከአፉ መፍሰስ የለበትም። ቀለበቱ ሲጠብቅ ሲሊንደሩ ንቅንቅ ማለት የለበትም፤ የሚነቃነቅ ከሆነ ከዕቃው ጋር የመጣውን ማስተካከያ ሮንዴላ ረስተዋል።

ጥያቄ፦ ገጥሜ ጨረስኩ። አሁንም ያንኳኳል፤ መሪውም ወደ ቀኝ ዞሮ ነው ቀጥ የምትለው። ምን አጠፋሁ?

ማንኳኳቱ ሦስት ቦታ ይፈለጋል። አንደኛው የመሀሉ ዳዶ በቂ አለመጥበቁ ነው፤ ኮፈኑን ከፍተው ሰው መኪናውን ሲያወዛውዝልዎት ዘንጉ ቀዳዳው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ሊያዩት ይችላሉ። ሁለተኛው ሞላው ከደረጃው ውጪ መቀመጡ ነው፤ ያን ጊዜ መሪ ሲዞር «ድም» ይላል። ሦስተኛው ስታቢላይዘር ሊንክ ነው። መሪው ዞሮ መቀመጡ ደግሞ የጎማው አቀማመጥ መለወጡን ይነግርዎታል። የታቹ ቡሎኖች ከቀዳዳቸው ጋር ያላቸው ጥቂት ክፍተት የጎማውን ዘመምና አቅጣጫ ስለሚቀይር ከሾክ ቅየራ በኋላ አላይመንት (የጎማዎቹን አቀማመጥ በመሣሪያ ማስተካከል) ግዴታ ነው። ሳይሠራ ብዙ ቢነዱ አዲስ ጎማ እንኳ በአንድ ጠርዙ በፍጥነት ያልቃል። አላይመንት ከመሄድዎ በፊት ግን ማንኳኳቱን ይጨርሱ፤ የታቹ ቡሎኖች በኋላ እንደገና ከተፈቱ የተሠራው ሁሉ ይበላሻል። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላም የጎማዎቹንና የታቹን ዳዶዎች በቶርክ ሬንች አንድ ጊዜ ይፈትሹ።