ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጉት

ለዲያሊሲስ ክፍል (ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙ በማሽን ለሚጣራበት ክፍል) አዲስ ለሆናችሁ ነርሶችና ቴክኒሻኖች፦

ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ጉልበቴም ጀርባዬም ሥራውን ረስተውታል፤ ጆሮዬ ግን አልረሳም። ቤት ውስጥ የሆነ ነገር «ጢጥ ጢጥ» ባለ ቁጥር ከተቀመጥኩበት ብድግ እላለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል።

ብዙ የምመክራችሁ ነገር ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳስበው አብዛኛው ወደ አንድ ነገር ተጠቃለለ። ታካሚዎቼን ለአደጋ ያጋለጣቸው ነገር ብዙውን ጊዜ የተደበቀው ማሽኑ ማየት በማይችልበት ቦታ ነበር።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አባባ ነበር የምንላቸው። ፊስቱላቸው፣ ማለትም ለመርፌ እንዲመች በቀዶ ጥገና ከደም ወሳጅ ጋር የተገናኘው የደም ሥራቸው፣ ግራ ክንዳቸው ላይ ነው። ዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው ቶሎ ይበርደዋል። ደሙ ከሰውነቱ ወጥቶ፣ ማሽኑን ዞሮ ነውና የሚመለሰው። «በረደኝ ልጄ» አሉኝ። ብርድ ልብስ አምጥቼ እስከ አንገታቸው ሸፈንኳቸው፤ መርፌ ያለበትን ክንዳቸውንም ጭምር። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ወደሚቀጥለው ወንበር ሄድኩ።

ትንሽ ቆይቶ ከጽዳት ሠራተኞቻችን አንዷ መወልወያዋን እንደያዘች ቆመች። «ሲስተር፣ እዚህ የፈሰሰው ምንድን ነው?» አለችኝ። ዞር ስል ከወንበሩ ሥር ቀይ ነገር ተንጣሏል። ብርድ ልብሱን ስገልጠው ደሙን ወደ ሰውነት የሚመልሰው መርፌ ከክንዳቸው ወጥቶ ፍራሹ ላይ ተጋድሟል። ፓምፑ ይዞራል። ማሽኑ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ጭጭ ብሏል። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ የተኙ ነው የሚመስሉት።

ፓምፑን አቆምኩ፤ መስመሩን በክላምፕ ዘጋሁ፤ ቀዳዳውን በጎዝ ተጫንኩ፤ ሰው ጠራሁ። ደም ተሰጥቷቸው ተረፉ። የተረፉት ግን በእኔ አይደለም፤ በዚያች ሴት ዓይን ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ፓምፑ በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ቢገፋ በ5 ደቂቃ 1 ሊትር ተኩል ይሆናል። አንድ አዋቂ ሰው ያለው ደም በጠቅላላው 5 ሊትር ገደማ ነው። ሌላ ታካሚ ለማስጀመር የምትወስዱት ጊዜ ከ5 ደቂቃ ይበልጣል።

ማሽኑ ለምን ዝም አለ? ብዙ ጀማሪዎች ይህን አያውቁም፤ እኔም አላውቅም ነበር። በመልሱ መስመር ላይ የሚነበበው ግፊት አብዛኛው የሚመጣው ከራሱ ከመርፌው ጥበት ነው። መርፌው ሲወጣ የሚቀንሰው ፊስቱላው ውስጥ ያለችው ትንሽ ግፊት ብቻ ናት። የአላርሙ ወሰን ከዚያች ልዩነት ከሰፋ ማሽኑ ምንም አያውቅም። መርፌው ጨርቅ ውስጥ ከተጠቀለለማ ግፊቱ ጭራሽ ላይቀንስ ይችላል።

ስለዚህ ክንዱ ይታይ። የበረደው ሰው ሌላው አካሉ ይሸፈን፤ መርፌ የገባበት ቦታ ግን ከእናንተ ዓይን አይሰወር። ፕላስተሩን ከመለጠፋችሁ በፊት ቆዳውን አድርቁ። አንዱን ፕላስተር በመርፌው ክንፎች ላይ ለጥፉ። ሌላውን ደግሞ ማጣበቂያውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከመርፌው ሥር አሳልፉትና ሁለቱን ጫፎች ክንፎቹ ላይ አጣምሯቸው። ቱቦው ላላ ያለ ይሁን፤ ወንበሩ ላይ ግን አትሰሩት። ታካሚው ሲገላበጥ ወንበሩ አብሮት አይገላበጥም። የደም ግፊት ልትለኩ በሄዳችሁ ቁጥር መርፌውንም እዩ። የሚቃዥ ወይም የሚንቆራጠጥ ታካሚ ካለ ወንበሩን ወደ እናንተ አቅርቡት።

አላርምን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሲጮኽ መጀመሪያ ታካሚውን እዩ፤ ከዚያ መርፌውን፣ ከዚያ ቱቦውን፣ ቁልፉን በመጨረሻ። ብዙ ማሽኖች ሪሴት ሲደረጉ አዲሱን ግፊት መሃል አድርገው የአላርሙን ወሰን እንደገና ያበጃሉ። ሳታዩ ከተጫናችሁት ችግሩን ራሱን «ይሄ ደህና ነው» ብላችሁ ለማሽኑ አስተማራችሁት ማለት ነው። ሥራ በበዛበት ሺፍት በእግረ መንገዱ ጣቱን ሰንዝሮ ድምፅ የሚያጠፋ ሰው አይቻለሁ። እኔም አድርጌዋለሁ። ያኔ ቀልጣፋ ነሽ ይሉኝ ነበር።

አሁን ከግድግዳው ጀርባ ወዳለው ክፍል እንሂድ። ቴክኒሻኖች፣ ይሄ የእናንተ ግዛት ነው። ነርሶችም ብትሆኑ ግን በሩን የማታውቁት ከሆነ ነገውኑ ሄዳችሁ እዩት። በ4 ሰዓት ዲያሊሲስ ውስጥ፣ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ከሄደ፣ 120 ሊትር ውሃ ከታካሚው ደም ጋር ይገናኛል። በመካከላቸው ያለው አንዲት ስስ ሽፋን ናት። የምንጠጣውን ውሃ ሆድና ጉበት ይፈትሹልናል። ለዚህ ሰው ግን ያንን የሚያደርግለት የውሃ ክፍላችሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ብራዚል ውስጥ ካሩዋሩ በምትባል ከተማ የሆነው ከዚህ የመጣ ነው። በሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የተመረዘ ውሃ በአግባቡ ሳይጣራ ዲያሊሲስ ማሽን ውስጥ ገባ። ታካሚዎቹ ዓይናቸው ብዥ አለ፤ አስታወካቸው፤ ጉበታቸው ተጎዳ። ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ማሽኖቹ ሙቀቱንም የጨውን መጠንም በትክክል ሊያነቡ ይችላሉ፤ እንዲህ ያለውን መርዝ የሚያነብ ማሽን ግን የለም።

የዕለት ተዕለት ሥጋታችን ክሎራሚን ነው። የውሃ ድርጅቶች ጀርም እንዲገድልላቸው ይጨምሩታል። ቢጠጣ አይጎዳም፤ ደም ውስጥ ሲገባ ግን ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። አር ኦው (ውሃውን በስስ ሽፋን ገፍቶ የሚያጣራው ማሽን) ያወጣዋል ብላችሁ አትመኑ። የሚይዘው የካርበን ታንኩ ነው፤ ካርበን ደግሞ ያልቅበታል። ሁለት ታንክ በተርታ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ናሙናው የሚቀዳው ከመጀመሪያው ታንክ በኋላ፣ ሲስተሙ ቢያንስ 15 ደቂቃ ከሠራ በኋላ ነው። ጠቅላላ ክሎሪን በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ምርመራው በየሺፍቱ፣ ታካሚ ከመገናኘቱ በፊት ይደረጋል። የመጀመሪያው ታንክ ከደከመ ሁለተኛው ጊዜ ይሰጣችኋል። ያ ጊዜ ለጥገና ነው እንጂ «እስከ ነገ ይቆይ» ለማለት አይደለም።

አንድ ጊዜ የውሃውን መዝገብ ገልጬ ሳይ የሳምንቱ የክሎሪን ቁጥር ሁሉ ዜሮ ነው። እሰየው አልኩ። ከዚያ ቀኑን አየሁት። ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ የዓርብም ሣጥን ተሞልቷል። በዚያው እስክርቢቶ፣ በዚያው እጅ፣ ፊርማውም ጭምር። መዝገቡን የሞላው ልጅ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲበዛ ትሁት ነው። ወረቀቱ በየቀኑ ያው ዜሮ ስለሚያሳየው ነገም ያው ነው ብሎ ነው። አልጮህኩበትም። የማይታየውን ነገር ለማየት ያለችን ብቸኛ መንገድ ያቺ ወረቀት መሆኗን አስረዳሁት። ደግሞ እባካችሁ፣ ክሎሪን የምትለኩበት የቀለም ወረቀት የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን እዩ።

ማሽን በኬሚካል ታጥቦ ከሆነም ቅሪቱን ሳትመረምሩ ሰው አታገናኙ። በመስመሩ ውስጥ ያለው ደም እንደ ቀይ ወይን ጥርት ብሎ ከታያችሁ፣ ታካሚውም ደረቴን ወይም ወገቤን ካለ፣ ፓምፑን አቁሙ፤ መስመሩን ዝጉ። ያንን ደም አትመልሱለት። ከዚያ ወዲያውኑ ሐኪም።

ስለ እጅ ብዙ አልልም፤ ትምህርት ቤት ሲነግሯችሁ ከርመዋል። አንድ ነገር ብቻ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፤ ደሙ ለዓይን ባይታይም። ጓንት አጥልቆ ክላምፕ የነካ እጅ፣ በዚያው ጓንት የማሽኑን ስክሪን፣ ከዚያ ቻርቱን፣ ከዚያ የጎረቤቱን ወንበር ሲነካ አስቡት። ጓንቱ የጠበቀው እናንተን ብቻ ነው። ወደ አንድ ወንበር የሄደ ፕላስተርም ሆነ ጎዝ ወደ ጋራው መደርደሪያ አይመለስ። መርፌ መድኃኒት ከታካሚዎቹ ራቅ ባለ ንጹሕ ቦታ ይዘጋጅ። ቫይረሱ ያለበት ታካሚ የራሱ ማሽን ይኑረው። የእናንተስ ክትባት አልቋል?

ካቴተር (በፊስቱላ ፈንታ ትልቅ የደም ሥር ውስጥ የገባ ቱቦ) ላላቸው ሰዎች ደግሞ ክዳኑ ሲከፈት እናንተም እነሱም ማስክ አድርጉ። አፉን ክፍት አትተዉት። ደም እንዳይረጋ ውስጡ ተቆልፎ ያደረውን ሄፓሪን የተባለ መድኃኒት ሳትስቡ አትጀምሩ፤ አለበለዚያ ያ ሁሉ ባንዴ ሰውነት ውስጥ ይገባል።

ፊስቱላን በተመለከተ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ኮልፍ የሚባለው የሆላንድ ሐኪም የመጀመሪያውን የሚሠራ ማሽን ለሰው የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፤ በጦርነት መሃል፣ ቋሊማ በሚጠቀለልበት ሴሎፎን። ያም ሆኖ ለብዙ ዓመታት ዲያሊሲስ የሚጠቅመው ኩላሊታቸው ለጊዜው ለታመመ ሰዎች ብቻ ነበር። ለምን ቢባል በእያንዳንዱ ጊዜ የደም ሥር ይበላሽ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1960 ስክሪብነር የሚባል ሐኪም አሜሪካ፣ ሲያትል ላይ ክንድ ላይ በሚቀር የቴፍሎን ቱቦ መንገዱን ከፈተ። ፊስቱላ ለዓለም የተዋወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። እንግዲህ እናንተ መርፌ የምትወጉባት ያቺ ሥር የዚያ ሰው ዕድሜ ናት። ከመውጋታችሁ በፊት እዩዋት፣ ዳስሷት፣ አዳምጧት። እንደ ድመት ጉሮሮ ትነዝራለች። ንዝረቱ ከጠፋ አትውጉ፤ ደውሉ። ቀላል ስለሆነ ብቻ አንዷን ቦታ ደጋግማችሁ አትውጉ፤ ቆዳው ይሳሳል፣ ሥሩ ያብጣል። የሚያብረቀርቅ ስስ ቆዳ፣ የማይድን ቅርፊት፣ በራሱ ጠብ ያለ ደም ካያችሁ በዚያው ቀን ለሐኪም ይነገር። በዚያ ክንድ የደም ግፊት አይለካም፤ ደምም አይቀዳም።

ማሽኑ የማያየው ሌላው ነገር የሰው ዝምታ ነው። አንዲት እናት ነበሩ፤ ወሬ የሚወዱ። እሳቸው ካሉ ክፍሉ አይተኛም። አንድ ቀን ዝም አሉ። አንዴ አዛጉ፤ ደግመው አዛጉ። ግፊታቸው የተለካው ከ10 ደቂቃ በፊት ነው፤ ቁጥሩ ደህና ነበር። ማዛጋቱ አላማረኝምና እንደገና ለካሁ፤ ወርዷል። ውሃ ማውጣቱን አቆምኩ፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርጌ እግራቸውን ከፍ አደረግኩ፤ ሳላይን ትንሽ ሰጠሁ። ዓይናቸውን ገልጠው «ምን ሆንሽ? ፊትሽ ጠቆረ» አሉኝ። እኔን!

በኋላ ምክንያቱን ስናጣራ የኪሎ ጉዳይ ነበር። ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ ነው የተመዘኑት። ማሽኑ ከድራይ ዌታቸው (ትርፍ ውሃ ሲወጣላቸው ሊመዝኑት ከሚገባው ኪሎ) ጋር ያለውን ልዩነት ሁሉ ውሃ ነው ብሎ ያወጣል፤ ካፖርት ይሁን ሥጋ አይጠይቅም። የተሰጠውን ቁጥር ነው የሚታዘዘው። ሒሳቡንም ራሳችሁ ሥሩት። 60 ኪሎ ከሚመዝን ሰው በ4 ሰዓት 4 ሊትር ይውጣ ቢባል በሰዓት 1000 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ወደ 17 ይደርሳል። በሰዓት በኪሎ ከ13 ሚሊ ሊትር ሲያልፍ ልብ ሊጎዳ ይችላል። ሰዓቱ ይራዘም ወይስ ሌላ ቀን ይጨመር? ሐኪሙን ጠይቁ። ታካሚው ቸኩሏል፣ ሺፍቱም ሊያልቅ ነው ብላችሁ አትጭመቁት።

ብዙ ውሃ ይዞ የመጣ ሰው ላይ ግን አትቆጡ። ጥማት ምን እንደሆነ እኛ አናውቀውም። የተቆጣችሁት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ይዋሻችኋል፤ ወይም ይቀራል። ከሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ የሚመጣበት ቀን ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ አስጊ ነው፤ ፖታሲየሙ ከፍ ብሎ ይሆናል። «እግሬ ዛለ» ማለት የዚያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ እንዲህ የሚላችሁን ሰው ደክሞት ነው ብላችሁ አትለፉት።

አባባ ከዚያ ቀን በኋላ ለረዥም ጊዜ መጡ። ይቅርታ ስጠይቃቸው «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ብርዱ ነው» አሉኝ። ብርዱ አልነበረም፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ከዚያ ወዲያ ግን ብርድ ልብሱን ራሳቸው ናቸው የሚያስተካክሉት። ደረታቸውን ሸፍነው፣ ግራ እጃቸውን አውጥተው ያስቀምጣሉ። አልፌ ስሄድ መርፌዎቹን በአገጫቸው እያመለከቱ ይጠሩኛል።

«ነይ እስቲ፣ እያት።»

ሄጄ አያታለሁ።